ሼራና ሰባቱ ቀዳዳዎች

ቅናት የያዘው ሰው አካሄዱ ያስታውቃል፤ እግሩ ወደ ፊት ሲሄድ ዓይኑ ወደ ጎን ነው። ግንበኛው አቶ የሻውም በዚያ የሐምሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሐይቁን ዳር ይዞ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲያዘግም እንዲሁ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ጨቅይቷል፤ ከአምባሰል በኩል ደግሞ ሌላ ደመና እየተጫነ ነው። ከገዳሙ መታጠፊያ ላይ ወጣቱን መሪጌታ ገብረ ኢየሱስን አገኘው። ይህ ሰው ቅኔውን ከጨረሰ በኋላ ደሴ ወጥቶ ታሪክ የተማረ፣ ከሽማግሌም ከወጣትም መነጋገር የሚያውቅ ነው።

«እንዴት አደሩ ጋሽ የሻው? በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን መሪጌታ። ለፍርድ ተጠርቼ ነው» አለ የሻው ደረቱን ነፋ አድርጎ። «የቅሬው ዳኛ ሀጂ ባድሩ የዚያችን ልጅ ግንብ አይተህ ንገረን ብለውኛል። ከረባ ይቁም፣ ካልረባ ይፍረስ ብለዋል።»

«ያቺ ልጅ» ያላት የሟች ወንድሙ ልጅ ሕሊና ናት። ነገሩም እንዲህ ነው። ከወይዘሮ ዑምኩልሱም ቤት በላይ ያለው ዳገት እንዳይናድ የሚደግፈውን ግንብ መጀመሪያ የሠራው የሻው ነበር። አርባ ዓመት የገነባ እጅ ነው፤ በሠራው ሁሉ ማዕዘን ላይ «የሻው ሠራው» ብሎ በመሮ ይቀርጻል። ያ ግንብ ግን አምና ክረምት ተንዶ የሴትየዋን ማድቤት ደፈጠጠው። ሰው ስላልነበረበት የሞተ የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበርበት ቅሬ ተሰብስቦ ግንቡ እንደገና ይሠራ ሲል፣ ሥራውን የሰጠው ለየሻው ሳይሆን፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ግንባታ ተምራ ለተመለሰችው ለሕሊና ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሻው እህል አልበላ አለው።

«እርስዎማ መጽሐፍ ዐዋቂ ነዎት» አለ እየሄዱ። «እስቲ ከኦሪት እስከ ራእይ ሴት የገነባችውን ያውጡልኝ! ኖኅ መርከቡን ሠራ፤ ሰሎሞን መቅደሱን ሠራ። የታለች ሴቷ? ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ያሉት አባቶች ሞኝ አልነበሩም።»

መሪጌታው ፈገግ አለ። «አንዲት አለች፤ አንባቢው ሁሉ ዘሏት ያልፋል እንጂ። ዜና መዋዕል ላይ የትውልዱ ቁጥር ሲነበብ ሰምተው ያውቃሉ?»

«እገሌ እገሌን ወለደ እየተባለ እንቅልፍ የሚያመጣው?»

«እሱው ነው። እኔም ስንት ጊዜ አንቀላፍቼበታለሁ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ምዕራፍ ሰባት የኤፍሬም ዘር ይቆጠራል፤ ሱቱላ፣ ባሬድ፣ ታሐት እያለ ይወርዳል። ከልጆቹ ከፊሎቹ ከብት ሊወስዱ ወርደው የጌት ሰዎች ገደሏቸው፤ አባትየው ብዙ ቀን አለቀሰ። ከዚያ በኋላ በአንዲት መስመር ሼራ የምትባል ሴት ልጁ ብቅ ትላለች። ታችኛውንና ላይኛውን ቤትሖሮን፣ ኡዜንሼራንም የሠራች ይላታል። ሦስት ከተማ! ማን አገባት፣ ማንን ወለደች፣ አይልም። ሠራች ይላል፣ ያልፋል።»

የሻው ጭቃው መሐል ቆመ። ደስ አላለውም። የሞተችውም በሕይወት ያለችውም ሴት ባንድ ቀን ተባብረው የመጡበት መሰለው።

«አሠራች ማለት ነው እንጂ! የትልቅ ሰው ልጅ ድንጋይ ልትሸከም ኖሯል?»

«ሰሎሞንስ ተሸክሟል? አንድ ቀን ጭቃ ነክቶ ያውቃል? እሱን ሠራ ካልን እሷን ምን እንበላት?»

«አንተ ልጅ!» የሻው ሲናደድ «እርስዎ» ማለቱን ረሳው። «ቅኔህን እዚያው! ሕሊና እኮ ድንጋይ አቀባዬ ነበረች። ቱንቢ እንዴት እንደሚንጠለጠል ያሳየኋት እኔ ነኝ። ዛሬ የባጃጅ ሾፌሩ ሁሉ ኢንጂነር፣ ኢንጂነር ይላታል፤ እኔን አጠገቧ ቆሜ ሰላም የሚለኝ የለም። ግንቧስ ቢሆን ግንብ ነው? ሰባት ቦታ ቱቦ ሰክታበት ወንፊት አስመስላዋለች። ግንብ ይደፈናል እንጂ ይበሳል?»

መሪጌታው አልተቆጣም። የተቆጣን ሰው ማስረዳት የፈለገ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እሱም እንዲሁ አደረገ።

«ለምን እንደበሳችው ጠይቀዋታል?»

«እኔ? እሷን ልጠይቅ?»

«እኔ ጠይቄያት ነበር። ዳገቱ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ውሃው መውጫ ካገኘ ይወጣል፤ ካጣ ግንቡን ይገፋል። የአምናው ግንብ የወደቀው ለዚህ ነው አለችኝ። ቀጥላም፣ የአጎቴን እጅ የሚተካከል ሐይቅ ላይ የለም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ማስማማት ከሱ ነው የተማርኩት፤ የጎደለው ቀዳዳዋ ብቻ ነበረች አለች።»

«እንዲያ አለች?»

«በማርያም እንዲያ አለች።»

የሻው ዓይኑን ወደ ደመናው አነሣ። በዚህ መሐል የመጀመሪያው ጠብታ የመሪጌታው ጃንጥላ ላይ ጠብ አለ።

«የሼራን ነገር ልጨርስልዎ» አለ መሪጌታው ጃንጥላውን ወደሱ እያዘነበለ። «እሷ ካለፈች ከብዙ ዘመን በኋላ ሰሎሞን ሁለቱን ቤትሖሮኖች ቅጥርና በር ሠርቶ አጠናከራቸው። ንጉሥ ነው፤ የሴት ሥራ ነው፣ ይፍረስና በስሜ ይተከል ቢል ማን ይከለክለው ነበር? አላለም። በሷ ላይ ጨመረበት። ክብሩም አልጎደለ።»

ዝናቡ በረታ። የሻው ፊቱ አመድ መስሏል።

«ገብረ ኢየሱስ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ደፍኛቸዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ትናንት ሠራተኛው ጁምዓ ሄዶ፣ ሌላውም ለምሳ ሲበተን፣ ቱቦዎቹን በጭቃና በጠጠር ደፈንኳቸው። ግንቡ ቢቆም፣ ቀዳዳ አያስፈልግም ነበር ልል፤ ቢወድቅ፣ አላልኳችሁም ልል። ቀናሁ፣ ወንድሜ። ቀንቼ ዓይኔ ታወረ። ከበታች ሴትዮዋ መኖሯን እንኳ አላሰብኩም።»

«ስንቱን ደፈኑ?»

«ሰባቱንም።»

መሪጌታው አልገሠጸውም፤ ለተግሣጽ ጊዜ አልነበረም። የሚያልፈውን ባጃጅ በእጁ አስቁሞ ሽማግሌውን ገፍቶ አስገባው።

ሲደርሱ ሕሊና በጭቃ ተዘፍቃ ከግንቡ ሥር ቆማለች። ጫፉ የሾለ ፌሮ ይዛ ቱቦዎቹን ታያለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ጠብታ አለመውጣቱ ግራ አጋብቷታል። ከመሐል ሁለት ድንጋይ ወደ ፊት ወጣ ብሏል። ሀጂ ባድሩ ከቅሬው ሰዎች ጋር ማዶ ቆመው ፍርዱን ይጠብቃሉ። ወይዘሮ ዑምኩልሱም ከቤታቸው አልወጡም።

«እትዬ ዑምኩልሱም! ውጡ፣ ቶሎ ውጡ!» ሲል የሻው ጮኸ። ፌሮውንም ከሕሊና እጅ ተቀብሎ የመጀመሪያውን ቱቦ በኃይል ወጋው። ጠጠሩ ተፈናጠረ፤ ቀይ ውሃ ተወርውሮ ፊቱንና ደረቱን አለበሰው። ሳይጠርግ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው ሄደ። ሰባተኛው ሲከፈት የወጡት ድንጋዮች ባሉበት ቆሙ።

«አጎቴ፣ ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለች ሕሊና።

ዋሽቶ ማለፍ ይችል ነበር። የሻው ግን ወደ ሀጂ ባድሩ ዞረ።

«ፍርድ ስጥ ብላችሁኝ ነበር። ግንቡ ደኅና ነው፤ ከኔ ይበልጣል። የደፈንኩት እኔ ነኝ። አስተምሬያት ስለበለጠችኝ ቀናሁ።»

ከሀጂ ባድሩ ቀድመው የተናገሩት ነጠላቸውን ተከናንበው የወጡት ወይዘሮ ዑምኩልሱም ናቸው።

«ወላሂ የሻው፣ አምና ማድቤቴን፣ ዘንድሮ እኔን ልትቀብረኝ ነበር! ይኸው በአፍህ ስላወጣኸው አላህ ይቅር ይበልህ። እኔ ግን ክረምቱ እስኪወጣ በየማለዳው መጥተህ ቀዳዳዎቹን ካላየህልኝ ይቅር አልልም።»

ፍርዱ ይኸው ሆነ። የሻውም አንድ ቀን ሳያጓድል ፈጸመው። ሕሊና ሁለት ሳምንት አላናገረችውም፤ በሦስተኛው ሳምንት የመጨረሻውን መደዳ አብረው ደረደሩ።

ውሃ መውጫ ካጣ ግንብ ይገፋል፤ ዕውቀትም እንዲሁ ነው፤ በሴት ልጅ እጅ ያለ ነው ተብሎ ሲታፈን የሚጎዳው ከበታች የሚኖረው ሁሉ ነው። ከዚያ ክረምት ወዲህ በሰፈሩ የተናደ ግንብ የለም። ቅሬውም ሂንድና ሀኒያ የሚባሉ ሁለት ልጃገረዶችን ከሕሊና ዘንድ ለሙያ አስገብቷል፤ ድንጋይ ማስማማት የሚያስተምራቸው የሻው ነው።

ያ ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ ሕሊና መሮውን አምጥታ፣ «እንደ ወጉ ስምህን ቅረጽ፤ አብረን ነው የጨረስነው» አለችው። የሻው ማዕዘኑ ላይ ተንበርክኮ ግማሽ ቀን ቀረጸ። ሲነሣ መሪጌታው ቀርቦ አነበበው። በትልልቁ «ሕሊና ሠራችው» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ ጎንበስ ካላሉ በማይታይ ትንሽ ፊደል፣ «የሻው ደፈነው፤ የሻው ከፈተው» ይላል።