ልጆቹ የሚቆሙበት ቦታ

መምህርቷ ገበያ ውላ ስትመለስ ደረጃው ላይ የጎረቤቷን ልጅ ባታገኛት ኖሮ፣ ያን ቀንም እንደ ሌላው ቀን ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ ታልፈው ነበር። ልጅቷ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት። ዘንቢሉን ተቀብላ ደረጃውን እየወጣች፣ «እትዬ፣ ዛሬ ደህና አይመስሉኝም» አለቻት። ሆድ የባሰው ሰው ትንሽ ቃል ትበቃዋለችና መምህርቷ ያለውን ሁሉ ዘረገፈችው።

ሴትየዋ በመዋዕለ ሕፃናት ፒያኖ እየተጫወተች ልጆች ስታዘምር ነው ዕድሜዋን የገፋችው። አዲሷ ርእሰ መምህርት ግን ለወላጆች ቀን ከበድ ያለ መዝሙር መርጣ፣ «ካልሆነልዎት በቴፕ እናስዘምራቸዋለን» ብላታለች። ይህን ያለችው በፈገግታ ነበር፤ ይበልጥ ያስፈራትም ፈገግታው ነው። መዝሙሩ መሐል ላይ፣ ግራ እጅ ወደ ታች ሲወርድ ቀኝ እጅ ወደ ላይ የሚሮጥበት ቦታ አለ። እዚያ ስትደርስ ጣቷ ይደርቃል። ትቆምና እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች።

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ አንገቷን ደፍታ። «በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። እዚያ ሲደርሱ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።»

መምህርቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቤት ገብተው ክርክሩ ቀጠለ። መምህርቷ፣ ፒያኖ ተሰጥኦ ነው፣ ያልተሰጠው ሰው ቢደክም ከንቱ ነው ባይ ናት። ደግሞም አልሰነፈችም፤ እሁድ እሁድ ግማሽ ቀን ሙሉ ትቀመጣለች። ልጅቷ በትሕትና፣ እሁድ ብቻ በልቶ ሳምንቱን የሚዘልቅ ሰው አለ ወይ ስትል ጠየቀቻት። ጥቂትም ቢሆን በየቀኑ መሆን አለበት አለች፤ ያንን ክፉ ቦታ ነጥሎ፣ በአንድ እጅ፣ በዝግታ።

«ታዲያ መዝሙሩን ማን ይጨርሰዋል?»

«መዝሙሩማ ይቆይ። አይቆጡኝና እትዬ፣ የሚለማመዱት መዝሙሩን አይደለም፤ መቆሙን ነው።»

«እኔ እለማመዳለሁ እንጂ ምን ለምጃለሁ?»

«እኮ፤ ልምምድም ልማድም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የደጋገሙት ሁሉ ይለመዳል፣ ስህተቱም ጭምር።»

መምህርቷ ፊቷን አጠቆረች፤ ልጅቷም ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። እኛ ለማንም አናዳላም፤ የተነካ ሰው ምክር ቶሎ አይዋጥለትም።

የዋጠችው በማግስቱ ነው። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ግቢው ውስጥ ያንን መዝሙር ያለ ፒያኖ ሲዘምሩ ሰማች። እዚያ ቦታ ሲደርሱ ሁሉም ባንድ አፍ ዝም አሉ። ትንሽ ጠበቁና ከመጀመሪያው ጀመሩ። መዝሙሩ ሲፈጠር እንደዚያ መስሏቸዋል። መምህርቷ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ልጆቹን ያስተማረቻቸው ዜማውን ብቻ ሳይሆን ፍርሃቷንም ኖሯል።

ከሥራ እንደወጣች ቀጥታ የጎረቤቷን በር አንኳኳች። «ልጄ፣ ልጆቹም ለምደውታል» አለች። ሌላ ክርክር አላስፈለገም።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ያንን ቦታ ብቻ ትሠራለች። ግራው ለብቻው፣ ቀኙ ለብቻው፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ፣ ኤሊን በሚያስንቅ ዝግታ። ሲሳካላት ከፊቱ ያለችውን ጥቂት ኖታ ትጨምርበታለች። አሰልቺ ነው፤ ጎረቤት ቢስቅባት አይፈረድበትም። ልጆቹ ግን አንድ ቀን ሲያልፉት ሌላ ቀን ይቆሙ ነበርና ፍርሃቱ አልለቀቃትም።

የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ቴፑም ጥግ ላይ ተዘጋጅቷል። ክፉው ቦታ ደረሰ። ልጆቹ ዝም አሉ።

ፒያኖው ግን አልቆመም። ግራ እጇ ወረደ፣ ቀኟ ወጣ፣ አለፈችው። ልጆቹ ደንግጠው ዞረው አዩዋት፤ ከዚያ መጀመሪያ አንዷ፣ ቀጥሎ ሁሉም፣ እየተጣደፉ ደረሱባት።

በየቀኑ ጥቂት የሠራ ሰው ትርፉ ይህ ነው፤ ልቡ እየፈራም ጣቱ መንገዱን ያውቃል። መምህርቷ ዛሬ ዛሬ አይታ የማታውቀው ኖታ ሲሰጣት መጀመሪያ የምትፈልገው ክፉውን ቦታ ነው፤ ልምምዷንም ከዚያ ትጀምራለች።

ያን ቀን ጭብጨባው ሲበርድ ርእሰ መምህርቷ ቀርባ፣ ያ መሐል ላይ ያለው የልጆቹ ዝምታ ደስ እንደሚል ነገረቻትና፣ «የመዝሙሩ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«የኔ ነበር» አለች መምህርቷ። «ከነገ ጀምሮ ከልጆቹም አስወጣዋለሁ።»