ሰዓት የተገጠመለት ጉልላት

ክብርት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ የምስራች፣ ክቡራትና ክቡራን የሐይቆች ጥናት ባልደረቦቼ፣ ለዚህ ግብዣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በዚህ በአዳማ ሙቀት፣ አርብ ከሰዓት፣ ወደየቤታችሁ መሄድ ስትችሉ ለእኔ ብላችሁ ተቀምጣችኋል። ቬንትሌተሩን ወደ እኔ ላዞረውም ሰው ምስጋናዬ ይድረሰው፤ እባካችሁ መልሳችሁ እንዳታዞሩት።

አጠር አደርገዋለሁ። ደክሞኛል። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ወገቤ ደክሟል፣ ሳንባዬ ደክሟል። ሐይቅ ውስጥ እየጠለቅሁ ፎቶ ሳነሳ፣ የብልሃርዚያ ኪኒን እንደ ከረሜላ ስውጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። የግራ ጆሮዬ ሻላ ሐይቅ ውስጥ ከቀረ ቆይቷል። ባለቤቴ ወለተሥላሴ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ዛሬ ጡረታ ስለወጣሁ ልናዘዝላት፦ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሲመጣ የግራውን ነው ወደ አንቺ የማዞረው።

ሳቂ እንጂ! ታውቂ ነበር መሰለኝ።

ዓሣውን በልታችኋል። አርብ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለዛሬ እንተወው። ቆሮሶውን የላከው የባቱ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ኦቦ መርዳሳ ነው። ትንንሽ መሆኑን አይታችኋል አይደል? ከመዳፍ አይበልጥም። ጠዋት ደውሎ ‹‹ኦቦ ንዋይ፣ አፍሬያለሁ፤ ድሮ ክንድ የሚያክል ነበር የምልክልህ፤ አሁን ያለው ይሄው ነው›› አለኝ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ስጦታው። ከኋላ ላላችሁትና ላልታያችሁ ልንገራችሁ። ከዋንዛ የተሠራ መቆሚያ ነው። መቆሚያው ላይ እንደ ሳህን የጎበጠ፣ መስታወት የመሰለ ነገር ተቀምጧል። ከጉብጠቱ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት ገብቷል። ሰዓቱ ይሠራል፤ ቀጭ ቀጭ ሲልም ይሰማል፤ ለእናንተ ማለቴ ነው። ወረቀቱን ፈትቼ ሳየው ስታጨበጭቡ እኔ ጉብጠቱን በጣቴ እዳብስ ነበር። ‹‹አልወደደውም እንዴ?›› የሚል ሹክሹክታም ነበር።

ወድጄዋለሁ። ችግሩ የጎበጠውን ነገር ማወቄ ነው። ከእናንተ ከብዙዎቻችሁ በፊት ነው የማውቀው።

ከፋይናንስ አንዷ ‹‹የሰላጣ ማቅረቢያ ነው?›› ስትል ሰምቻለሁ። አይደለም፣ የኔ እመቤት። ካሜራ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃ በማያስገባ ሳጥን ይታሸጋል፤ ሳጥኑ ደግሞ መስኮት ይፈልጋል። መስኮቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ብርሃኑ ከውሃ ወደ አየር ሲሻገር ይታጠፋል። ሁሉም ነገር ቀርቦና ተልቆ ይታያል። ሰፊ እንዲያይ በስንት መከራ የገዛችሁት ሌንስ እይታው ይጠባል፣ የፎቶው ዳር ዳር ይንሻፈፋል። መስኮቱ እንዲህ ሲጎብጥ ግን ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ሌንሱም እንደተሠራበት ሰፋ አድርጎ ያያል። በሙያው ዶም ፖርት ይሉታል። እኔ ጉልላት እለዋለሁ።

ታዲያ ጉልላት ሁሉ አንድ ነው? ቢሆንማ ዛሬ አጭር ንግግር አድርጌ እቀመጥ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ሁለት ጉልላት ነበረው። አንደኛው ትልቅ፣ ከመስታወት የተሠራ፣ የሚያምር። የንብረት ክፍሉ ወዳጄ አቶ ልዑልሰገድ ዕቃው እንደመጣ በስፖንጅ ጠቅልሎ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተውና ቆለፈበት። መጀመሪያ ላወጣው ስል ምን አለኝ? ‹‹ንዋይ፣ አዲስ ዕቃ ነው። ውሃ እንዳይነካው!›› ሰዎች፣ የውሃ ውስጥ መሣሪያ እኮ ነው! ለምኜው ለምኜው በመጨረሻ ሶደሬ መዋኛ ገንዳ ወስደነው ለዓመቱ ካላንደር ፎቶ አነሳንበት። ግማሹ ከውሃ በላይ፣ ግማሹ ከውሃ በታች። ያን ጊዜ የነበሩት አለቃችን ከወገባቸው በላይ በክራቫት፣ ከወገባቸው በታች በቁምጣ ነበሩ። ለእንዲህ ያለ ፎቶ ትልቁን የሚያህለው የለም፤ የውሃው መስመር ፊቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ዳር ዳሩም ጥርት ይላል። ትልቁን አልነቅፍም። ጥርት ያለ ውሃ ያለው ሰው ትልቁን ይግዛ።

እኛ ግን ጥርት ያለ ውሃ አለን? የባቱን ሐይቅ ታውቁታላችሁ፤ ማኪያቶ ነው። እጃችሁን ስትዘረጉ ጣታችሁ አይታያችሁም። በእንዲህ ያለ ውሃ ብቸኛው ብልሃት መጠጋት ነው። በካሜራውና በምታነሱት ነገር መካከል ያለው ውሃ ባነሰ ቁጥር ጭቃውም ያንሳል። ለመጠጋት ደግሞ ትንሹ ነው የሚሆነው። በሣርና በድንጋይ መሃል ይሾልካል፣ መብራቱንም ከጎኑ አስጠግታችሁ ታስራላችሁ። ትንሹ መስታወት እንኳ አይደለም፤ አክሪሊክ የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ቶሎ ይጫራል። የኔው ባቱ ላይ፣ ቡልቡላ ወንዝ ላይ፣ ከድንጋዩም ከጀልባውም ጋር ሲጋጭ ኖሮ ፊቱ እንደኔው ሆኗል።

አዎ፣ ያ ነው። ሰዓት ያስገባችሁበት እሱ ነው።

አሁን ወደ ኦቦ መርዳሳ ልመለስ። እሱን የማታውቁት ካላችሁ፣ በየጊዜው ባቱ ስንወርድ ጀልባውን የሚሰጠን፣ ‹‹አካም ጅርቱ›› ሳይለን፣ የቤቱን ሰው ሁሉ ደህንነት ሳይጠይቀን ሥራ የማያስጀምረን ሰው ነው። ዓሣው ለምን አነሰ ሲባል አስጋሪዎቹ ላይ ነው ጣት የተቀሰረው፤ ‹‹መረባችሁ ጠባብ ነው፣ የዓሣ ጫጩቱን ጨረሳችሁት›› ተባሉ። እሱ ደግሞ ‹‹ለእርሻ ውሃ የሚስበው ትልቁ ቱቦ ወንፊቱ ተቀዷል፣ ጫጩቱን የሚውጠው እሱ ነው›› ይላል። የማን እርሻ እንደሆነ አልናገርም፤ የእኔ ሥራ አይደለም። የፊታችን ሐሙስ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ይሰበሰባል። ማስረጃ ካልቀረበ የማኅበሩ መረብ ሁሉ ከውሃ ይወጣል። ያ ማለት እነዚያ ሁሉ ቤተሰቦች ሌላ እንጀራ ይፈልጉ ማለት ነው። ‹‹ወንፊቱ መቀደዱን በምን አወቅህ?›› ብለው ጠየቁት። ‹‹እጄ አይቶታል። ስዳብሰው ክንዴ አለፈ›› አላቸው። እጅ ያየውን ኮሚቴ አይቀበልም።

እኔ ዕቃዬን ሁሉ አስረክቤ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃዴን ልወስድ ወጣሁ። በቦታዬ የተተካችው ሊዲ የቱቦው ውሃ መሳቢያ ፓምፕ በቆመበት ቀን ትልቁን ጉልላት ይዛ ወንፊቱን ልታነሳ ሄደች። ከቱቦው ፊት የብረት አጥር አለ፤ ወንፊቱ ከአጥሩ ኋላ ነው። ትልቁ በብረቶቹ መካከል አልገባም አላት። ከውጭ ሆና ያነሳችውን ሁሉ ላከችልኝ። አየሁት። ማኪያቶ ነው። ማታ ደወለችልኝ።

‹‹ጋሼ፣ ትንሹ የት ነው?››

‹‹አቶ ልዑልሰገድን ጠይቂው።››

‹‹ጠይቄዋለሁ። ተሸጧል አለኝ።››

‹‹ለማን?››

‹‹አልናገርም አለኝ።››

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተናድጄም ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? ትንሹን የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ አገላብጦ አይቶ፣ ‹‹ተጭሯል፣ አያገለግልም›› ብሎ ጨረታ ላይ እንዳወጣው ከዚያ በኋላ ሰማሁ። ገዢው ማን እንደሆነ ግን ዛሬ፣ ወረቀቱን ስፈታ ነው ያወቅኩት። እናንተ ናችሁ! አዋጥታችሁ ገዝታችሁ፣ አናጢ ዘንድ ወስዳችሁ፣ ሰዓት አስገጥማችሁለት፣ ‹‹ዕድሜውን የፈጀበት ነገር ነው፣ ሳሎኑ ውስጥ ያስቀምጠው›› ብላችሁ። እንዳልሰማም ከሊዲ ደብቃችሁት!

ልዑልሰገድ፣ አታቀርቅር። እስቲ ንገረኝ፣ ለልጅቷ ለምን ተሸጧል አልካት?

‹‹ተሸጧል እኮ! ለእኛ!›› ይላል። ሰማችሁት? ትክክል ነው፤ አልዋሸም።

አልተቆጣሁህም። እንዲህ የሚወደኝ ሰው ላይ እንዴት እቆጣለሁ? ይህን ያሰባችሁልኝ ስለወደዳችሁኝ ነው።

ሹፌራችን ሮባ፣ የመኪናህን መፍቻ አምጣልኝ። አዎ፣ አሁን። ሰዓቱን ፍታልኝ፣ ቀስ እያልክ። አናጢው እንጨቱን ያሰረው በጉልላቱ በራሱ የድሮ ቀዳዳ ነው፣ አዲስ አልበሳበትም፤ እጁ ይባረክ።

ሮባ እስኪፈታ፣ ያንን የእጅ መታጠቢያ ሳፋ ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ አምጡልኝ። ሊዲ፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያሽ በፕላስቲክ ታሽጓል አይደል? ሳፋው ውስጥ፣ ከውሃው ሥር አስቀምጪው። ወይዘሮ የምስራች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንዴ ወደዚህ ይምጡ። ሻርፕዎን ያዝ ያድርጉት፣ እንዳይረጥብ።

ይኸው ጉልላቱ። ደረቁን ይዩት። ምን ይታይዎታል?

‹‹ጭረት ብቻ።››

አስወጋጅ ኮሚቴውም ያየው ይህንኑ ነው። አሁን ጉብታውን ወደ ታች አድርጌ ውሃው ላይ አስቀምጠዋለሁ። በውስጥ በኩል ይመልከቱ። ምን ይላል?

‹‹ሊዲያ... የፎቶግራፍ ባለሙያ... ማኅተሙም ይታያል። ውይ! ጭረቱ የት ሄደ?››

የትም አልሄደም። ውሃው ሞላው። ውሃና ይህ ፕላስቲክ ብርሃንን የሚያጥፉበት መጠን ስለሚቀራረብ፣ ውሃ ሲገባበት ጭረቱ ለዓይን ይጠፋል። መስታወት ቢጫር ይህን ያህል አይምርም። ክቡራትና ክቡራን፣ የውሃ ዕቃን ጠረጴዛ ላይ አድርቃችሁ አትፍረዱበት። ሌላ ምክር የለኝም።

ሊዲ፣ ነይ። ያዥ።

ልዑልሰገድ፣ ምን ልትል እንደሆነ አውቃለሁ። ‹‹ከመሥሪያ ቤቱ የወጣ ንብረት እንዴት ተመልሶ ይገባል?›› አይገባም። ለመሥሪያ ቤቱ አይደለም የምሰጠው፤ ለእሷ ነው። የራሴ ንብረት ነው፣ አሁን በእጃችሁ ሰጥታችሁኛል፤ ለፈለግኩት እሰጣለሁ። በሕግ አምጣ ካልክ ሰኞ ጡረተኛ ሆኜ እመጣና እንከራከራለን።

ሳልሳሳ የሰጠሁ እንዳይመስላችሁ። ሳሎኔ ውስጥ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። ካሜራውን መልስ ስትሉኝ እንኳ እንዲህ አልከበደኝም። ግን መርዳሳ ሐሙስ መረቡን ከውሃ እያወጣ፣ እኔ ሶፋ ላይ ተቀምጬ በዚህ ሰዓት ላይ ስንት ሰዓት እንደሆነ ልመልከት? አልችልም።

ስሚኝ፣ ሊዲ። የጎማ ቀለበቱን በጣትሽ ዳብሺው፤ አንዲት ፀጉር ብትገኝበት ካሜራው ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሌንሱ የሚያተኩረው ወንፊቱ ላይ ሳይሆን ከጉልላቱ ፊት ቅርብ በሚቆመው ምስሉ ላይ ነው፤ ስለዚህ በጣም ቀርቦ ማተኮር የሚችለውን ሌንስ ግጠሚ። ትንሽ ጉልላት ዳር ዳሩን ያደበዝዛል፤ የብርሃን መግቢያውን አጥብቢው። መብራቶቹን ወደ ጎን አዙሪያቸው፣ ጭቃውን እንዳያበሩት። ማክሰኞ ፓምፑ ለጥገና ይቆማል፤ መቆሙን መርዳሳ ራሱ ሳይነግርሽ እንዳትገቢ። ከዚያ በብረቶቹ መካከል አሳልፊውና ያለውን አንሺ። ተቀዶም ከሆነ፣ ደህናም ከሆነ ያለውን አንሺ። እኔም አላየሁትም፤ መርዳሳን ስለምወደው ብቻ ተቀዷል አልልም። ተሳስቶ ከሆነም ይወቀው። ሳይታይ ግን አይፈረድበት።

‹‹ጋሼ፣ አብረኸኝ ና›› ልትዪኝ ነው። ዓይንሽ ይናገራል። አልመጣም። ደክሞኛል፣ ልጄ። ደግሞም አያስፈልግሽም፤ አንቺን የጎደለሽ እኔ ሳልሆን ጉልላቱ ነበር።

ሰዓቱን ወለተሥላሴ ትውሰደው። ዋንዛው ያምራል፣ ጉልላት ባይኖረውም ይሁን፤ ከእንግዲህ ሰዓት የሚያሳየኝ ጉዳይ የለኝም። እናንተ ደግሞ ‹‹ስጦታ አሳጣነው›› ብላችሁ ቅር እንዳይላችሁ። እንደማንኛውም ጡረተኛ ጋቢ ግዙልኝ። ወፈር ያለ ይሁን፤ አጥንቴ ውስጥ የገባው የሐይቅ ብርድ ገና አልወጣም።

ወይዘሮ የምስራች፣ ሥራዎን ያቅናልዎት፣ በበታችዎ ያለውን ሰው ፍቅር አይንሳዎት። ልዑልሰገድ፣ ወንድሜ፣ እጅህ የያዘው ሁሉ ይትረፍረፍ፤ ውሃም ይንካው። ሮባ፣ ከባቱ ከቡልቡላ መንገድ አደጋ ይጠብቅህ፣ ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ። ሁላችሁንም ጤና ይስጣችሁ፤ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ፤ ጆሮአችሁንም፣ ሁለቱንም፣ ይጠብቅላችሁ።

ከእኔ ቀጥሎ እዚህ ቆሞ የሚሰናበተው ማን እንደሆነ አላውቅም። ማንም ይሁን፣ መርዳሳን ያኔም ዓሣ የሚልክ ሰው ያድርገው። ቆሮሶውም ክንድ የሚያክል ይሁን። እኔንም ጥሩኝ፤ ለመብላት ከሆነ እመጣለሁ።