ለጥገና የሄደው ፍሪጅ

እንዴት አደሩ እትዬ ሙጂባ? ሰላም ነው? ማሻአላህ፣ የዛሬው ዓሣ እንዴት ያምራል! ለእናቴ ሁለት ይጥበሱልኝ። እሾሁን ትፈራለች እንጂ ዓሣ ነፍሷ ነው።

እኔማ ምን እሆናለሁ? ተከስሻለሁ፤ ትልቅ ሰው ሆንኩልዎ! ለካ የኛን ሚጢጢ ሬዲዮም የሚሰማት አለ። “ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ የገባ ጊዜ አንድ ኃላፊ ሕዝቡን አትውጡ ብሎ ራሱ ቀድሞ ወጣ” ብዬ አልነበር? ስም ጠራሁ? ወላሂ አልጠራሁም። ትሕትናቸው ነው... “እኔን ነው” ብለው ፍርድ ቤት የሄዱት እሳቸው ናቸው።

የኔን መልስ ደግሞ ይስሙልኝ። “የተናገርኩት እውነት ነው፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል” ብዬ ጽፌ፣ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁና፣ “አቶ አብዱልሰመድ፣ ሁሉም ሰው የሚባለው ምስክር አድራሻው የት ነው?” አሉኝ። አዳራሹ ሳቀብኝ። “በየትኛው ቀን? በምን መኪና? ማን እያየ? ዘርዝረህ አምጣ፤ አለዚያ እውነት ነው ማለትህ ብቻ አይበቃም።” ሐሙስ ካላቀረብኩ ሬዲዮዋም እኔም አበቃልን። ጋዜጠኛ ነኝ ባይ!

ግን እኔ ምኑን አይቼ ልዘርዝር? ተኝቼ ነበራ! ዋዜማውን ማታ እሳቸው በድምፅ ማጉያ “አብሽሩ፣ አብረናችሁ ነን” ሲሉ ሰምቼ፣ የቋጠርኩትን ዕቃ መልሼ ፈታሁ። እናቴንም “እሳቸው እያሉ ምን እንሆናለን?” ብዬ አስተኛኋት። ጠዋት የቀሰቀሰን ተኩስ ነው። በቤት ጫማ፣ እሷን አዝዬ፣ እስከ ደሴ... አሁንም ወገቤን ባመመኝ ቁጥር ንዴቱ ይነሳብኛል። ጥፋቱ የማን ነው? የኔ ነዋ! ሰው ማመን ያበዛሁ እኔ።

እሳቸው ምን በወጣቸው? የዕቃ አያያዝ ያውቃሉ። ከስደት ስንመለስ አንቱ እየሳቁ ሲያወሩት አይደል የሰማሁት? ገና ለሱብሂ አዛን ሳይባል፣ በመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ፍሪጁን ሲጭኑ፣ “ጎረቤት፣ ገመዱን ያዝ ያድርጉልኝ፤ ሊጠገን ነው” አሉዎት። እውነታቸውን ነው፣ ፍሪጅ ይበላሻል። ፍራሹም ሊጠገን ነበር? መጋረጃውስ? ደግነታቸው ግን... ድምፅ ማጉያውን በረንዳው ላይ ትተውልን ሄዱ። እንዲህ ለሕዝብ የሚያስብ ከየት ይገኛል?

ምነው ይስቃሉ? ምስክር ይሁኑኝ መች አልኩ? ዓሣ ልገዛ ነው የመጣሁ። እንዲያው ፒካፑ ምን ዓይነት ነበር፣ ገመዱን በየት በኩል ያዙ... ዳኛዋ እንዲህ ያለውን ነው የሚወዱት። እኔማ የነበረችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ዝርዝሩን እንድፈልግ ያደረጉኝ ከሳሼ ናቸው፣ አላህ ይስጣቸው።

እኚያ ጥግ ላይ ጀርባቸውን የሰጡን ሰው ምነው እንዲህ አሳላቸው? እሾህ ገባባቸው እንዴ? በሞቴ፣ ዳቦ ይስጧቸው፤ በደረቁ ይዋጡት። አይዞዎት ይበሏቸው፣ ስለ ሌላ ሰው ነው የማወራው።

በሉ ልሂድ፣ እናቴ ትጠብቀኛለች። ሐሙስ እሷንም ይዣት እመጣለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እግሯ እንደልብ አይሄድም፣ አዝዬ ነው የማደርሳት። አንቱም ደስ ካለዎት... እንደ ልብዎ። እሳቸውን ግን አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ለቀጠሮው በሰላም ያድርሳቸው። አሚን ይበሉ እንጂ እትዬ! እኛም እናቴን አዝለን እስክንደርስ... በዚህኛው እንኳ ትንሽ ይጠብቁን።