የቢራራ ፍልጥ

(ለሁለት በተሰነጠቀ ትልቅ የግራናይት ዓለት ግርጌ፣ ረፋድ ላይ፤ በጡረታ ላይ ያሉት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር መምህር ዐምደጽዮን በትራቸውን ተደግፈው፣ የቀድሞ ተማሪያቸው ድንጋይ ጠራቢው ዳምጤ መሮውንና መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ።)

ዳምጤ፦ አልቀርጸውም መምህር። ቢቆጡም አልቀርጸውም።

መምህር፦ የየዓለቱን ስም ልትቀርጽ የተዋዋልኸው ከወረዳው ጋር ነው። ጽሑፉ ታይቶ፣ ታርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት መጥቶልሃል። አንተ የምትጠየቀው ፊደሉ እንዳይንጋደድ ብቻ ነው፣ ልጄ።

ዳምጤ፦ ፊደሉ አይንጋደድም፤ የተንጋደደው ነገሩ ነው። ትናንት ሁለት ዓለት ላይ ቀርጬ ውያለሁ። «የዝሆን ጀርባ» አልኩ፣ እውነትም ዝሆን ይመስላል። «አሞራ ማረፊያ» አልኩ፣ አሞራው እላዩ ላይ ሆኖ ያየኝ ነበር። ይሄኛው ግን «በጥንት ዘመን በመብረቅ ተመትቶ ስለተሰነጠቀ የመብረቅ ዓለት ተባለ» ይላል።

መምህር፦ እንዲህ ይላል። የጻፍሁትም እኔ ነኝ።

ዳምጤ፦ እንግዲያስ ወደዚህ ጠጋ ይበሉልኝ። ቀስ ብለው፣ ያዳልጣል። ይቺን ጉድጓድ አዩዋት? ከእሷ አንድ ስንዝር ርቆ ሌላ አለ። ከዚያም ሌላ። አሥራ አንድ ናቸው። መብረቅ በስንዝር እየለካ መምታት የጀመረው መቼ ነው?

መምህር፦ የውሃ መሸርሸር ሊሆን ይችላል።

ዳምጤ፦ ውሃ አራት ማዕዘን አድርጎ አይቆፍርም። የሽብልቅ መግቢያ ነው። ዙሪያውን ይዩት፣ ድንጋዩ እንደ ሸክላ ቀልቷል። አያቴ ቢራራ እንጨት ከምሮ ቀኑን ሙሉ አነደደበት፤ ዓለቱ ሲግል የአገሩ ሴቶች በእንስራ ቀዝቃዛ ውሃ ደፉበት፤ ከዚያ በሽብልቅ ለያየው። ይህን ሁሉ የለፋው ከጀርባው ላለው ምንጭ መንገድ ሊከፍት ነው። ቀድሞ ዓለቱን ዞሮ ውሃ መቅዳት ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ዛሬም ውሃ የሚቀዱት ሴቶች «በቢራራ ፍልጥ እንለፍ» ይላሉ። «በመብረቅ ዓለት እንለፍ» ያለች ሴት እስካሁን አልገጠመችኝም።

መምህር፦ ይህን ለእኔ ለመንገር አትድከም።

ዳምጤ፦ አውቃለሁ። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ነግሬዎታለሁ።

መምህር፦ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርህ።

ዳምጤ፦ ያስታውሱታል ማለት ነው?

መምህር፦ በመስኮቱ በኩል፣ ሁለተኛው ወንበር። ስለ መብረቁ ሳስተምር እጅህን አውጥተህ «የፈለጠው አያቴ ነው» አልህ። ክፍሉ ሳቀ። የሳቁትን ዝም ማሰኘት ሲገባኝ አንተን አንበረከክሁህ።

ዳምጤ፦ ጠጠር ላይ፣ ደወል እስኪደወል። ለጉልበቴስ ግድ የለም፤ ከዚያ ወዲህም ዕድሜዬን የጨረስኩት ድንጋይ ላይ ተንበርክኬ ነው።

መምህር፦ አትቀልድብኝ።

ዳምጤ፦ ካልቀለድኩ ዕቃዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ። የቱ ይሻልዎታል?

መምህር፦ ቁጭ በልና ስማኝ። እዚህ በተመደብሁ በዓመቱ፣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ካርታ የሚያነሡ መሐንዲሶች መጡ። ባለሦስት እግር መሣሪያቸውን እዚያ ጉብታ ላይ ተከሉና የተማረ ሰው አምጡልን አሉ። አለቃቸው የዓለቱን ስም ጠየቀኝ። «የቢራራ ፍልጥ» አልሁት። አስቀድሜ የተናገርሁት እውነቱን እንደ ነበረ እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ዳምጤ፦ ከዚያስ?

መምህር፦ ቢራራ ማን ነው አለኝ። አፌን ሳልከፍት፣ በቅሏቸውን የሚጎትተው ሰው ቀደመኝና የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፣ ጠይብ ነው አለው። አለቃው ሳቀ። እኔስ የንጉሥ ወይም የጻድቅ ስም የምጽፍ መስሎኝ ነበር አለ። እርሳሱን ከወረቀቱ አንሥቶ ይጠብቀኝ ጀመር። እኔ ያን ቀን አዲስ ሱፍ ለብሼ ነበር። ሌላም ስም አለው፣ መብረቅ ስለመታው የመብረቅ ዓለት ይባላል አልሁት። እኔ ራሴ የሰማሁት ከአፌ ሲወጣ ነው።

ዳምጤ፦ በዚያው ጻፈው።

መምህር፦ ጻፈው። ካርታው ታተመ፤ የወረዳው መጽሔት ከካርታው ቀዳ፤ እኔም ከመጽሔቱ ላይ አስተማርሁት። የተናገርሁት ውሸት ሃምሳ ዓመት ዞሮ ማስረጃ ሆኖ ተመለሰልኝ።

ዳምጤ፦ የተሳቀው በቢራራ ነው። እርስዎን ምን አስደነገጠዎት?

መምህር፦ ወረቀቱን ወዲህ በለው። እኔው አርሜ፣ ለወረዳውም እኔው አስረድቼ አመጣልሃለሁ። «የቢራራ ፍልጥ» ይባል። ነገሩ በዚሁ ይለቅ።

ዳምጤ፦ በዚሁ አያልቅም። ከግርጌው «ይህን የመሰከሩት» የሚል አለ። ሙሉ ስም እስከ አያት ይላል። እርስዎ የሞሉት «መምህር ዐምደጽዮን ተገኝ» ብቻ ነው። የአያት ቦታው ባዶ ነው።

መምህር፦ ሁለት ስም ይበቃል።

ዳምጤ፦ ለመታወቂያ እንኳ አይበቃም።

መምህር፦ እንግዲያው በጡረታ ደብተሬ ላይ ያለውን ጻፍ። ወልደጊዮርጊስ።

ዳምጤ፦ ወልደጊዮርጊስ ማን ነው?

መምህር፦ ዳምጤ፣ ተወኝ።

ዳምጤ፦ የጠየቅኩዎ ጠፍቶኝ አይደለም። ያን ቀን ጉልበቴ እየደማ ቤት ገባሁ። አባቴ ሞላ ማን እንዲህ አደረገህ አለኝ፣ ነገርኩት። መዶሻውን ይዞ ሲነሣ ሊጣላልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመና ተመለሰ። «እሱ የታላቅ ወንድሜ የተገኝ ልጅ ነው» አለኝ። «ከጠራቢ መወለዱ ከታወቀ ማዕድ የሚያቀርበው አያገኝም። ዝም በልለት።» እኔም ዝም አልኩልዎ።

መምህር፦ ሞላ ያውቅ ነበር?

ዳምጤ፦ «ገና የመጣ ለታ በአካሄዱ አወቅኩት» ይል ነበር። የአያታችን የቢራራ አካሄድ ነው አሉ።

መምህር፦ አባቴ በልጅነቱ ከዚህ ወጥቶ ከተማ ገባ። ትምህርት ቤት ሲያስመዘግበኝ የአያቴን ስም ለውጦ ነበር። ወደዚህ ስመደብ የሚያውቀኝ የለም ብዬ ነበር። ሞላ ሲሞት እንኳ ከዘመድ ጋር አልቆምሁም። ከወረዳ እንግዶች ጋር ቆሜ፣ አንድ እፍኝ አፈር ሳላለብሰው ተመለስሁ።

ዳምጤ፦ አይቼዎታለሁ። ጃንጥላ ይዘው ነበር።

መምህር፦ ይህን ሁሉ እያወቅህ አርባ ዓመት «መምህር» ስትለኝ ኖርህ።

ዳምጤ፦ ሌላ ምን ብዬ እንድጠራዎት ፈቀዱልኝ? ይልቅ ፀሐዩ ሳይበረታ ልጀምር። ባዶ ልተወው ወይስ ወልደጊዮርጊስ ልበል? ድንጋይ ነው፣ ኋላ በላጲስ አይጠፋም።

መምህር፦ መነጽሬ ደፈረሰብኝ። የጻፍሁትን አንብብልኝ።

ዳምጤ፦ «ይህን የመሰከሩት፣ መምህር ዐምደጽዮን ተገኝ…»

መምህር፦ «መምህር» የሚለውን አውጣውና «ዐምደጽዮን ተገኝ ቢራራ» ብለህ ቅረጸው፤ ፊደሉንም ውሃ ቀጂዎቹ ከመንገድ ሆነው እንዲያነቡት አጉላው፣ ወንድሜ።