የባትሪ ፈቺው የአቻምየለህ ሽኝት

ዋርሳሜ ነው። አቻምየለህን ያሳጣን አሠሪያችን ዋርሳሜ ነው። ያው እዚያ መኪናው አጠገብ ቆሟል። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው፣ አማርኛ ያውቃል፣ የምለውን ሁሉ ይሰማል። ይስማ።

አሁን ሰላምታዬን ልስጥ። አባቶች፣ እናቶች፣ በሰው አገር አብረን የከረምን ወገኖች፣ የዳሚ ሰፈር ጎረቤቶቻችን፣ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሾፌሩ ድንበሩ ሳይዘጋ ወጃሌ ልድረስ ብሏል። ሬሳው አገሩ ይግባ፣ እኔም አላስረዝምም።

አቻምየለህ ምን ነበር ሥራው? የተጋጩ ሃይብሪድ፣ በቤንዚንም በባትሪም የሚሄዱ መኪኖችን ይፈታ ነበር። ባትሪያቸውንና የኤሌክትሪክ ሞተራቸውን አውጥቶ አሮጌ መኪኖች ላይ ይገጥማል፤ ያለ ቤንዚን ይሄዳሉ። እኔ ከባትሪው የወጣውን መዳብ በአቼቶ እየነከርኩ አረንጓዴውን ዝገት እፍቅለት ነበር።

የመጀመሪያዋን መኪና የምታስታውሱ አላችሁ? በዋሄን ገበያ ስናልፍ ድምፅ የላት። ኩሊው አይሰማ፣ መንዛሪው አይሰማ። ጡሩምባዋን ገና አልገጠመላትም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በአፉ "ጲጵ! ጲጵ!" ይል ጀመር። ገንዘብ የምትመነዝረው ዓናብ፣ "አንተ፣ መኪናው አንተ ነህ እንዴ?" አለችው። ገበያው በሳቅ መንገድ ለቀቀልን።

ፊደል ያስተማረኝም እሱ ነው፣ ካረጀሁ በኋላ። ባትሪውን እየለካ፣ ደህናውን "ደህና"፣ የከዳውን "የሞተ" ብዬ እንድጽፍበት ማርከር ሰጠኝ። ያን ቀን ደህና ጠፋ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ቃል "የሞተ" ሆነ። "እትዬ ሸዋዬ፣ ሰው በሀ ሁ ይጀምራል፣ አንቺ በሞት ጀመርሽ!" ብሎ ሳቀብኝ።

ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ አንድ ደንብ ያውቃል። ባትሪው ላይ ኃይሉን የሚቆርጥ መሰኪያ አለ። የሚሠራው ሰው ነቅሎ ኪሱ ይከተዋል። እሱ ራሱ መልሶ እስኪሰካው ድረስ መኪናውን ማንም አያስነሳም። አቻምየለህ ያን ቀን ነቅሎ ነበር? ነቅሎ ነበር። ኪሱ ከትቶት ነበር? ከትቶት ነበር። ሊገንዙት ልብሱን ሲያወልቁ ኪሱ ውስጥ አገኙት።

ግን የኛ ግቢ የፈረሰ መኪና ግቢ ነው። ከሌሎች መኪኖች የተነቀሉ መሰኪያዎች በሳጥን ሞልተው መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ የአንዱ መኪና ለሌላው ይሰካል። "ዋርሳሜ፣ ይሄን ሳጥን ቆልፍበት" አለው አቻምየለህ። ደጋግሞ አለው። "ዕቃ ነው እኮ፣ ደንበኛ ሳያየው እንዴት ይገዛል?" አለ ዋርሳሜ። አቻምየለህ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ይሄ ሰውዬ የወለቀ ጥርሱንም መደርደሪያ ላይ ያወጣዋል" አለኝ። ሳቅን። ምኑ ነበር የሚያስቀው?

ማክሰኞ ገዢ መጣ፣ ቸኮለ። ዋርሳሜ፣ አቻምየለህ ምሳ የወጣ መሰለው። ከሳጥኑ የሌላ መኪና መሰኪያ አንስቶ ሰካ፣ መኪናውን አስነሳ። አቻምየለህ መኪናው ሥር ተኝቶ ነበር። እጁ የባትሪው ሽቦ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ስሙን መጥራት ይከብዳል? አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ማየት ይከብዳል?

ዋርሳሜ፣ ስታለቅስ አይቼሃለሁ። "አላህ የጻፈው ነው" ስትልም ሰምቼሃለሁ። ፈጣሪን እዚህ ውስጥ አታስገባው። የሰካው ያንተ እጅ ነው።

አቻሜ፣ ልጄ፣ በል ሂድ። ልትቀብረኝ የሚገባህ አንተ ነበርክ፤ ይኸው ቆሜ ሸኘሁህ። እናትህ በቁምህ ስትጠብቅህ በሣጥን ትቀበልሃለች። ያገርህ አፈር ይቅለልህ። ደህና ሁን።

ዋርሳሜ፣ ትናንት የግቢው በር ላይ ጠርተኸኝ፣ "ያቺ መኪና ተጀምራ ቀርታለች፣ ሰኞ ነይ" አልከኝ። ሳጥኑ ተቆለፈ ወይ አልኩህ። በሩን ዘግተህ ገባህ። እንግዲያው ሰው ሁሉ እየሰማ ልመልስልህ። ከእንግዲህ ያንተን መዳብ አልፍቅም። በዚያ በርም አልገባም።