የጋሽ ሰይድ ክሳት

ቆቦ ላይ ሰው ሲወፍር "ተመቸህ" ይባላል፤ ሲከሳ ግን ወሬ ይከተለዋል። ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ፣ የማሽላ ነጋዴው፣ ስኳር በሽታ ተገኘባቸው። እኔ ነርስ ነኝና፣ "ያመጣብዎት ውፍረቱ ነው፤ ይቀንሱ" አልኳቸው። ሰሙኝ። ባጃጁን ትተው ገበያ በእግራቸው መመላለስ ያዙ፤ ከሱ፣ ስኳሩም ወረደላቸው። እኔ ደስ ሲለኝ ሰፈሩ "ኤድስ ይዟቸው ነው" ብሎ አወራ። ወሬው ጎረቤት ከተማ ጎብዬ ደረሰና፣ የጋሽ ሰይድን ልጅ ዘሃራን ሽማግሌ ልከው ለወንድ ልጃቸው የጠየቁት ሰዎች በዚያው ቀሩ።

"ሲስተር፣ ልጄ በእኔ ክሳት ቆማ ትቅር?" አሉኝ። "ስኳሩ እኮ ዓይንዎን ጀምሮታል" ብዬ ብለምን፣ ወይ ፍንክች! ገንፎውን በቅቤ፣ ሻዩን በስኳር አደረጉት፤ ሰው እንዳያይባቸው መድኃኒቱንም ተዉት። ጉንጫቸው ሞላ። ሽማግሌዎቹም "ወላሂ፣ አማረብዎ!" እያሉ ተመለሱ።

የሰርጉ ቀን ዘሃራ የአባቷን ጉልበት ስማ ወጣች። መኪናው እየጮኸ ሲሄድ ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመው ነበር። ጠጋ ብዬ ክንዳቸውን ስይዝ ድምፄን ለዩት።

"ሲስተር፣ ልጄ አምሮባታል?"