የአያ ታከለ አምስት ቀለሆች

ጎረቤቴ አያ ታከለ የተተኮሰ ቀለህ ለቅመው፣ ባሩድና እርሳስ አስገብተው ጥይታቸውን ራሳቸው ነው የሚሞሉት። ነብር ሁለት ጥጆቻቸውን በልቶ ለሦስተኛዋ ሲመላለስ ጊዜ ድንጋይ አቁመው ዒላማ ሞከሩ። አንዱ ወደ ግራ ሄደ፣ አንዱ ከላይ አለፈ። እኔ በአጥር እያየሁ መቆም መቀመጥ አቃተኝ።

«ምን ላድርገው! ባሩዱን እኩል ብሰፍርም ቀለሁ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ ነው፤ አገፋፉ ይለያያል» አሉና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አንቺ ብርቄ! ከንፋስ መውጫ ገበያ አንድ ላይ የገዛኋቸው አንድ ዓይነቶቹ አምስት ቀለሆች የት ገቡ?»

ብርቄ ዓይኗን እኔ ላይ ጣለች። ለካ እነዚያን ኖሯል ለኩል ማስቀመጫ ብላ ለሴቱ ያደለችው! የእኔን ከጉያዬ አውጥቼ ኩሉን አራገፍሁና ሰጠኋቸው። የሌሎቹን ሦስት ቤት አውቅ ስለነበር እየሮጥሁ ሰበሰብሁ። የአምስተኛው ግን ጠፋኝ፤ ብርቄም ለማን እንደሰጠችው አልናገር አለች።

ሲመሽ፣ መኳል ኀጢአት ነው እያሉ የሚቆጡን የመምሬ ባለቤት በነጠላ ተሸፋፍነው መጡ። «እንቺ እቴ፣ መምሬ እንዳይሰሙ» ብለው አምስተኛውን እጄ ላይ ጣል አደረጉ።

ነብሩ በሁለተኛው ጥይት ወደቀ፣ ጥጃዋም ተረፈች። እኔ ግን ያን ምስጢር በሆዴ ይዤ ስንት ዘመን ተቃጠልሁ! እፎይ፣ ዛሬ ነገርኋችሁ።